የመመረቂያ ጽሑፍን በሌላ ሰው አሠርቶ ማቅረብን መከላከል፦ ለአማካሪዎችና ለትምህርት ክፍል ኃላፊዎች የቀረበ መመሪያ

በሀዋሳ በዩኒቨርሲቲውና በግል ኮሌጆች በር አካባቢ ባሉ የፎቶ ኮፒና የኮምፒዩተር ጽሕፈት ቤቶች፣ በመብራት ምሰሶዎችና በቴሌግራም ቻናሎች «ፕሮፖዛልና ሪሰርች እናማክራለን» የሚሉ ማስታወቂያዎች ይታያሉ። በእውነት የሚያማክሩ መኖራቸው አይካድም፤ ነገር ግን ርዕስ ከመምረጥ ጀምሮ እስከ ዲፈንሱ (ጽሑፉን በፈታኞች ፊት ማስረጃው) ስላይድ ድረስ ሙሉውን ሥራ ሌላ ሰው ሠርቶ የሚያስረክብበት ገበያ መኖሩን ጽሑፍ የሚያማክር መምህር ሁሉ ያውቃል። ይህን መመሪያ የጻፍኩት በዚህ ከተማ ተማሪ ለሚያማክሩ፣ ፈታኝ ሆነው ለሚቀመጡና ትምህርት ክፍል ለሚመሩ ባልደረቦቼ ነው። የምለው ነገር በመሠረቱ አንድ ነው፦ የተገዛ ጽሑፍ ካለቀ በኋላ ሲመረመር በቀላሉ አይያዝም፤ ጽሑፉ በሚሠራበት ወቅት ተማሪውን በየደረጃው የሚያገኝ አማካሪ ካለ ግን መግዛቱ ራሱ ጥቅም ያጣል። ከዚህ በታች የሚዘረዘሩት እርምጃዎች በአብዛኛው ከዚህ ሐሳብ የሚነሡ ናቸው።

ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። ተማሪዎች የቤት ሥራቸውን በኢንተርኔት ጨረታ አውጥተው ለሌላ ሰው እንደሚያሠሩ ቶማስ ላንካስተርና ሮበርት ክላርክ የተባሉ የእንግሊዝ መምህራን ያሳዩት እ.ኤ.አ. በ2006 ነበር። ፊሊፕ ኒውተን ቀደም ሲል የተካሄዱ የዳሰሳ ጥናቶችን ሰብስቦ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ጽሑፍ፣ ከ2014 ወዲህ በተሰበሰቡት ናሙናዎች ሥራቸውን ከፍለው ማሠራታቸውን ያመኑት ተማሪዎች 15.7 በመቶ መድረሳቸውን አስፍሯል። ጎረቤታችን ኬንያ ደግሞ በሻጭነት በኩል ትታወቃለች፤ ዩኒቨርሲቲ ጨርሰው ሥራ ያጡ በርካታ ወጣቶች ለእንግሊዝና ለአሜሪካ ተማሪዎች እየጻፉ ይተዳደራሉ። የእኛም ጸሐፊዎች ከሌላ ዓለም የመጡ አይደሉም፤ ሥራ የሚጠብቁ ምሩቃን ናቸው፤ አንዳንድ ጊዜም፣ መናገሩ ቢከብድም፣ ደመወዙ ያልበቃው መምህር ነው።

ወሰኑን በጽሑፍ ማስቀመጥ

አንድ ትምህርት ክፍል መጀመሪያ ሊያደርገው የሚገባው የተፈቀደ እርዳታ የትኛው እንደሆነ፣ ያልተፈቀደውም የትኛው እንደሆነ በአንድ ገጽ ጽፎ፣ ርዕስ ከመመደቡ በፊት ለተማሪዎቹ ማስረዳት ነው። ብዙ ተማሪዎቻችን የራሳቸው ላፕቶፕ የላቸውም። በእጁ የጻፈውን ረቂቅ ለጸሐፊ ሰጥቶ በገጽ እየከፈለ የሚያስተይብ ተማሪ ምንም ጥፋት አላጠፋም። የእንግሊዝኛ ሰዋስውን ያረመለት ጓደኛ ያለው ተማሪም አላጠፋም። ኤስፒኤስኤስ በተባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ሠንጠረዥ ማውጣት ያሳየውን ሰው የጠየቀም እንዲሁ፤ ሠንጠረዡ ምን እንደሚል ራሱ ተርጉሞ ራሱ እስከጻፈው ድረስ። ጥፋት የሚሆነው ሐሳቡን፣ መረጃ መሰብሰቡን፣ ትንተናውን ወይም ምዕራፉን ሌላ ሰው ሠርቶለት በራሱ ስም ሲያቀርብ ነው፤ ገንዘብ ተከፈለ አልተከፈለ፣ የሠራለት ደላላ ሆነ የአክስት ልጅ፣ ልዩነት አያመጣም።

ይህ ገጽ የግድ የሚያስፈልገው ተማሪው ሲጠየቅ «ማስተየቤ ነው እንጂ ማሠራቴ አይደለም» የሚለውን መልስ በሚገባ መመዘን እንዲቻል ነው። ስለዚህ በጽሑፉ መግቢያ፣ ከምስጋናው ቀጥሎ፣ ተማሪው ያገኘውን እርዳታ ሁሉ በዝርዝር የሚገልጽበትና የሚፈርምበት አንድ አንቀጽ ይኑር። ማን ተየበው፣ ማን አረመው፣ ሶፍትዌሩን ማን አሳየው፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ተጠቅሞ ከሆነ ለምን ተጠቀመበት። እርዳታን መግለጽ የማያስቀጣ መሆኑን ተማሪው ካላመነ ግን ይህ አንቀጽ ባዶ ወረቀት ሆኖ ይቀራል፤ በመጀመሪያው ዓመት እርዳታውን በሐቅ የገለጸ ተማሪ ነጥብ ከተቀነሰበት ቀጣዮቹ ምንም አይጽፉም።

ከሶፍትዌር የሚጠበቀውና የማይጠበቀው

ተርኒትንና መሰል ሶፍትዌሮች የሚሠሩት የቀረበውን ጽሑፍ በቋታቸው ካለው ጽሑፍ ጋር በማነጻጸር ነው። ከሌላ ሰው ጽሑፍ የተገለበጠ አንቀጽን ያሳያሉ፤ ለዚህ ተማሪ ተብሎ እንደ አዲስ የተጻፈን ጽሑፍ ግን አያውቁትም። በትእዛዝ የተጻፈ ሥራ የተመሳሳይነቱ መጠን ዝቅ ብሎ ቢታይ አያስገርምም፤ ሻጩ ውጤቱን አስቀድሞ አይቶ ነው የሚያስረክበው። ስለዚህ «ተመሳሳይነቱ ከተፈቀደው በታች ነው» የሚል ወረቀት የጽሑፍ ስርቆት አለመኖሩን ሊጠቁም ይችላል፤ ጽሑፉ የተማሪው መሆኑን ግን በፍጹም አያረጋግጥም። በብዙ ትምህርት ክፍሎች ይህ ወረቀት ለዲፈንስ ማለፊያ ሆኖ ማገልገሉ ያሳስበኛል።

ቻትጂፒቲ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 ከወጣ ወዲህ ደግሞ በማሽን የተጻፈን እንለያለን የሚሉ መሣሪያዎች ተበራክተዋል። ቻትጂፒቲን የሠራው ኦፕንኤአይ ራሱ ያዘጋጀውን መለያ ትክክለኛነቱ አነስተኛ ነው ብሎ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2023 አንሥቶታል። በዚያው ዓመት የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ሰባት መለያዎችን ሲፈትሹ፣ እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻቸው ያልሆነ ሰዎች ለቶፍል የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና የጻፏቸውን ድርሰቶች በአማካይ ከ60 በመቶ በላይ የማሽን ሥራ ብለው በስሕተት ፈርጀዋቸዋል። ተማሪዎቻችን በሲዳምኛ፣ በአማርኛ፣ በወላይትኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ አፋቸውን ፈትተው በእንግሊዝኛ የሚጽፉ ናቸው። በእንዲህ ዓይነት መሣሪያ ውጤት ብቻ ተማሪን መክሰስ ፍትሐዊ አይደለም፤ ትምህርት ክፍሉ ይህን በግልጽ ይከልክል።

ከርዕስ ምርጫ ጀምሮ አብሮ መሥራት

ገበያው የሚወደው ርዕስ የትም ከተማ ሊሠራ የሚችል ርዕስ ነው። «የሥራ ተነሣሽነት በሠራተኞች አፈጻጸም ላይ ያለው ተጽዕኖ» የሚል ጽሑፍ የባንኩንና የከተማውን ስም ቀይሮ ደጋግሞ መሸጥ ይቻላል። አማካሪው ርዕሱ ከቦታና ከጊዜ ጋር እንዲታሰር ቢያደርግ ለሻጩ ያስቸግረዋል፣ ለተማሪውም የበለጠ ትምህርት ይሆነዋል። ለምሳሌ በሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የሠራተኛ ፍልሰትን ማጥናት የሚፈልግ ተማሪ በአንድ ሼድ ውስጥ ባለ አንድ የሥራ ክፍል ላይ እንዲያተኩር፣ ሠራተኞቹ የሚኖሩበትን ሰፈርና የቤት ኪራይ ሁኔታ እንዲያካትት ይደረግ። ስለ ዓሣ ገበያ የሚጽፍ ተማሪ አሞራ ገደል ጠዋት ሄዶ ከአስጋሪዎቹና ከነጋዴዎቹ ጋር ይዋል። ስለ ቡና ማኅበራት የሚሠራ ተማሪ የትኛው ቀበሌ ያለውን የትኛውን ማኅበር እንደሚያጠና ፕሮፖዛሉ ላይ ያስቀምጥ። በአውስትራሊያ ስምንት ዩኒቨርሲቲዎች ከ14 ሺህ በላይ ተማሪዎችን የጠየቀው የትሬሲ ብሬታግና የባልደረቦቿ ጥናትም ወደዚሁ ያመለክታል፤ ተማሪዎቹ ለሌላ ሰው ለማሠራት የማይመቹ ናቸው ያሏቸው ምዘናዎች በክፍል ውስጥ የሚሠሩ፣ ለእያንዳንዱ ተማሪ ለብቻው የሚሰጡ፣ በቃል የሚጠየቁና ከተግባር ልምምድ ጋር የተያያዙ ነበሩ።

ቀጥሎ ሥራውን በደረጃ መከፋፈል ነው። ችግሩን የሚገልጽ በእጅ የተጻፈ አንድ ገጽ፣ ከዚያ ተማሪው አንብቦ በራሱ አባባል ያሳጠራቸው አምስት ጽሑፎች፣ ከዚያ የመጠይቁ ረቂቅ፣ የሙከራ ጥናቱ፣ የተሞሉት መጠይቆች፣ የመጀመሪያው የትንተና ረቂቅ፣ በመጨረሻም ሙሉው ጽሑፍ። ለእያንዳንዱ ደረጃ ትንሽ ነጥብ ይያዝለት፤ ነጥብ የሌለው ደረጃ በሥራ ብዛት ይዘለላል። የመጀመሪያውን ገጽ በአማካሪው ቢሮ ወይም በክፍል ውስጥ በእጅ ማስጻፍ በተለይ ጠቃሚ ነው፤ የተማሪው እንግሊዝኛ፣ የሐሳብ አካሄዱና የፊደል አጣጣሉ ሳይቀር ለኋላ ማነጻጸሪያ ይሆናል። አንድ ደረጃ ከሌላው እንዲወለድም ይደረግ፤ አማካሪው በመጠይቁ ረቂቅ ላይ «ይህ ጥያቄ ሁለት ነገር በአንድ ላይ ይጠይቃል» ብሎ ከጻፈ፣ በሚቀጥለው ረቂቅ ተማሪው ያን አስተያየት እንዴት እንዳስተናገደ በሁለት ዐረፍተ ነገር ያስረዳ። ሥራውን ለሌላ ሰው የሰጠ ተማሪ ለእያንዳንዱ አስተያየት ወደ ሻጩ መመላለስ ይኖርበታል፤ ብዙውም እዚህ ላይ ይደክመዋል።

ጊዜ ማሳጠር ግን መከላከያ መስሎ የሚታይ ከንቱ ነገር ነው። በሳምንት አስረክቡ የተባለ ሥራ ለሻጭ በሁለት ቀን ያልቃል፤ የሚጎዳው በራሱ የሚሠራው ተማሪ ነው።

አማካሪውና ተማሪው በተገናኙ ቁጥር ቀኑ፣ የተነጋገሩበት ጉዳይና ለሚቀጥለው የተሰጠው ሥራ በአንድ ቅጽ ላይ ሰፍሮ ሁለቱም ይፈርሙ። ይህ ቅጽ በብዙ ቦታ አለ፤ ችግሩ በዲፈንስ ዋዜማ በአንድ ቁጭታ፣ በአንድ እስክሪብቶ ተሞልቶ መፈረሙ ነው። ትምህርት ክፍሉ ቅጹን በየወሩ መጨረሻ ሰብስቦ አይቶ ቢመልሰው ይህ ይቆማል። ኢንተርኔትና ስልክ ያለው ተማሪ ጽሑፉን በጉግል ዶክስ ላይ ቢሠራና ለአማካሪው ቢያጋራው ደግሞ የየቀኑ ለውጥ ራሱ ይመዘገባል፤ በአንድ ሌሊት ሙሉ ምዕራፍ ተለጥፎ የገባበት ታሪክና ለሳምንታት እየተሰረዘ እየተጻፈ ያደገ ታሪክ ሲታዩ ይለያያሉ።

ጥሬ መረጃውን ማየት

ከሁሉም በላይ የምመክረው ይህን ነው፤ ማንም አማካሪ የተሞሉትን መጠይቆች በእጁ ሳይዝ የትንተና ምዕራፍ አይቀበል። በእውነት የተሞላ መጠይቅ መልክ አለው። አንዱ ታጥፎ ኪስ ውስጥ ውሏል። ሌላው የሻይ ጠብታ አርፎበታል። ሦስተኛው ጀርባውን ሳያገላብጥ ግማሹን ብቻ ሞልቶ መልሷል፤ አራተኛው ደግሞ ከምርጫዎቹ ውጪ ኅዳግ ላይ «ይሄን ለምን ትጠይቁናላችሁ? ደመወዝ አይጨመርልን» ብሎ ጽፏል። እስክሪብቶው ሰማያዊም ጥቁርም ነው፣ ምልክት አደራረጉም ይለያያል። ተማሪው ቤቱ ቁጭ ብሎ የሞላው ወይም ሻጩ ያስረከበው ቁልል ግን ንጹሕ ነው፤ አንድም ያልተመለሰ ጥያቄ የለበትም፣ ምልክቱ በሙሉ በአንድ አቅጣጫ ያጋደለ ነው፣ የተበተነውም የተመለሰውም ቁጥር እኩል ነው። መቶ ሃያ ተበትኖ መቶ ሃያ የተመለሰለት ሰው ካጋጠመ እንዴት እንደተሳካለት መጠየቅ ተገቢ ነው።

የኤስፒኤስኤስ ወይም የኤክሴል ፋይሉም ከመጠይቆቹ ጋር ይቅረብ። አማካሪው ከቁልሉ አምስት መጠይቅ በዘፈቀደ አውጥቶ፣ ቁጥራቸውን አይቶ፣ ፋይሉ ውስጥ ካለው ረድፍ ጋር ያመሳክር፤ ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ቃለ መጠይቅ ከሆነ የድምፅ ቅጂው ወይም በቦታው የተያዘው የእጅ ማስታወሻ፣ የላቦራቶሪ ወይም የእርሻ ሙከራ ከሆነ በየቀኑ የተመዘገበበት ደብተር ይታይ። የመላሾቹን ስምና ማንነት መጠበቅ የአማካሪውም ግዴታ ስለሆነ ቅጂውን ማየት እንጂ ይዞ መሄድ አያስፈልግም።

ሲያነቡ የሚታዩ ምልክቶች

ዶውሰንና ሰዘርላንድ ስሚዝ የተባሉ የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት ጥናት፣ ሰባት ልምድ ያላቸው አራሚዎች ከሃያ የሳይኮሎጂ ጽሑፎች መካከል የተገዙትን እንዲፈልጉ ሲነገራቸው 62 በመቶውን ለይተዋል፤ የተማሪዎቹን እውነተኛ ሥራ ደግሞ 96 በመቶ ያህል በትክክል አውቀዋል። ሰባቱ ይህን ያህል የለዩት ፈልጉ ስለተባሉ ነው። እኛም ስናነብ ይህን ጥያቄ በአእምሯችን ብንይዝ ብዙ ነገር እናያለን።

ስለ ሀዋሳ ባንኮች የደንበኞች እርካታ የቀረበ አንድ ጽሑፍ አንብቤ ነበር፤ ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ናሙና የተወሰደባቸው ቅርንጫፎች ሲዘረዘሩ ከፒያሳና ከአቶቴ ቀጥሎ ከዚራ ይላል። ከዚራ የድሬዳዋ ሰፈር ነው። ድሬዳዋ የሚለውን ቃል በሙሉ በሀዋሳ መተካት በኮምፒዩተር የደቂቃ ሥራ ነው፤ የሰፈር ስም ግን እንዲሁ አይገኝም፤ ሰው ማንበብ አለበት። የጥናት ቦታውን የሚገልጸውን ክፍል ስለዚህ በጥንቃቄ እናንብብ። ሌሎችም ምልክቶች አሉ፦ በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ደራሲያን ከማጣቀሻው ጋር አለመጣጣማቸው፣ ፈጽሞ የሌሉ መጽሔቶች መጠቀሳቸው፣ የምዕራፍ አንድ እንግሊዝኛ ከምዕራፍ አራቱ የተለየ ሰው መምሰሉ፣ በክፍል ያልተማሩት የትንተና ዘዴ ያለማብራሪያ መምጣቱ፣ አማካሪው የሰጠው አስተያየት በየትኛውም ረቂቅ ላይ አለመታየቱ።

የወርድ ፋይል ውስጥ የተመዘገበው የጸሐፊ ስም፣ ፋይሉ የተፈጠረበት ቀንና የተሠራበት ጠቅላላ ሰዓትም ሊታይ ይችላል። ይህ ግን እዚህ አገር በከፍተኛ ጥንቃቄ መያዝ አለበት። ጽሕፈት ቤት ያስተየበ ተማሪ ፋይሉ ላይ የጸሐፊዋ ስም ይወጣል፤ ከጓደኛው ላፕቶፕ ተውሶ የሠራም የጓደኛው። ስለዚህ ጥያቄ ለመጠየቅ መነሻ ይሁን እንጂ ማስረጃ አይባል።

ተማሪውን መጠየቅ

ጥርጣሬ ያለበትንም የሌለበትንም ተማሪ ሁሉ ከዲፈንሱ በፊት ለሩብ ሰዓት ያህል ብቻውን ማነጋገር ከሁሉ የተሻለ መመዘኛ ነው። ሁሉም ተማሪ ከተጠየቀ ማንም ተጠርጥሬ ነው ብሎ አይሸማቀቅም። በቡድን የሚሠራ የመጀመሪያ ዲግሪ ጥናት ከሆነ እያንዳንዱ አባል ለየብቻ ይጠየቅ፤ አንዱ ሠርቶ ወይም አሠርቶ አራቱ የሚፈርሙበት ቡድን ያጋጥማልና።

ጥያቄዎቹ ትርጉም ከማስወረድ ይልቅ ሥራውን የሚያስተርኩ ይሁኑ። «ናሙና ምንድን ነው?» ተብሎ የተጠየቀ ተማሪ ሸምድዶ ሊመልስ ይችላል። «መጀመሪያ መጠይቅ የሰጠኸው ለማን ነበር? የት ሆኖ ሞላልህ?» ሲባል ግን የሄደና ያልሄደ ይለያል። የሄደው፣ «የፋብሪካው ኃላፊ ስላልፈቀዱልኝ ፈረቃ ሲወጣ በር ላይ ጠብቄ ነው ያስሞላሁት፤ ሴቶቹ ባጃጅ እንዳያመልጣቸው እየቸኮሉ አስቸገሩኝ፤ የተወሰኑትን ቅዳሜ ቤታቸው ድረስ ሄጄ ጨረስኩ» ይላል። ይህን ማንም ሊሸጥለት አይችልም። በተጨማሪ ይህን መጠየቅ ይቻላል፦ ከመጠይቁ የሰረዝከው ጥያቄ የትኛው ነው? ለምን? ያልጠበቅኸው ውጤት ነበር? ሠንጠረዥ አምስት ላይ ይህ ቁጥር ከዚያ ለምን በለጠ? ገንዘብና ጊዜ ቢኖርህ ምን ትቀይር ነበር?

ተማሪው በሚቀናው ቋንቋ ይመልስ። ጽሑፉን በእንግሊዝኛ በጭንቅ የጻፈ ልጅ በአማርኛ ወይም በሲዳምኛ ሲጠየቅ ሥራውን አሳምሮ ሲያስረዳ አይቻለሁ፤ በእንግሊዝኛ ቢጠየቅ ኖሮ አፉ ተሳስሮ ጥፋተኛ በመሰለ ነበር። ዓይን አለማየትና መንቀጥቀጥም ምልክት አይደሉም፤ በመምህር ፊት አንገት ደፍቶ መናገር ብዙዎቻችን ያደግንበት ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ይሉኝታ ነው። የማታና የቅዳሜ የማስተርስ ተማሪዎች ብዙ ጊዜ ከአማካሪያቸው በዕድሜ የሚበልጡ፣ የቢሮ ኃላፊ የሆኑ፣ አንዳንዴም ነገ ጉዳይ የምናስፈጽምባቸው ሰዎች ናቸው። «እርስዎ ይህን ራስዎ ነው የጻፉት?» ብሎ መጠየቅ ድፍረት ይመስላል፤ ስለዚህ ፈታኙ ሁለት ቀላል ጥያቄ ጠይቆ፣ የጥቃቅን ፊደል እርማት ሰጥቶ፣ ጨብጦ ይለያል። ይሉኝታውን በግለሰብ ድፍረት ማሸነፍ ስለሚያስቸግር ትምህርት ክፍሉ ሸክሙን ከግለሰቡ ላይ ያንሣ፦ የቃል ጥያቄው ለሁሉም ግዴታ ይሁን፤ ሁለት መምህራን አብረው ይጠይቁ፤ ጥያቄዎቹ በታተመ ቅጽ ላይ ይቅረቡ፤ ከተቻለ አንዱ ጠያቂ ከሌላ ትምህርት ክፍል ወይም ከሌላ ካምፓስ ይምጣ። «ቅጹ ስለሚያዘኝ ነው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» ማለት ለትልቅ ሰው ክብርም ለሥራውም ይበጃል።

ጥርጣሬው ሲጠነክር

አማካሪው ብቻውን አይፍረድ፤ ብቻውንም ይቅር አይበል። ያየውን በአንድ ገጽ ይጻፍ፦ የትኛው ገጽ ላይ ምን እንዳየ፣ በቃል ጥያቄው ምን ጠይቆ ምን እንደተመለሰለት፣ የትኛው ደረጃ እንደተዘለለ። ይህን ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ያስረክብ፤ ተማሪው ጽሑፉን አይቶ መልስ የሚሰጥበት ቀን ይሰጠው፤ ጉዳዩም የዩኒቨርሲቲው ሴኔት ባወጣው ደንብ መሠረት በኮሚቴ ይታይ። አንድ ምልክት ብቻ ይዞ መክሰስ አይገባም፤ ሦስት አራት ምልክት በአንድ አቅጣጫ ሲያመለክትና ተማሪው ስለ ሥራው ምንም ማስረዳት ሲያቅተው ግን ኮሚቴው በቂ ነገር አለው። ማስረጃው ለጥፋተኝነት ባይበቃ እንኳ ሥራውን በቃል ማስረዳት አለመቻሉ ለብቻው ነጥብ የሚያስቀንስ መሆኑ በምዘና መስፈርቱ አስቀድሞ ይቀመጥ።

ከተማሪው ጋር በሚደረገው ንግግር አንድ ነገር እንዳይረሳ፤ ሻጩ እያስፈራራው እንደሆነ ይጠየቅ። ሻጩ የተማሪውን ስም፣ መታወቂያ ቁጥር፣ የከፈለበትን የባንክ ደረሰኝና የተጻጻፉትን መልእክት ይዟል። «ተጨማሪ ካልላክህ ለዩኒቨርሲቲው እናገራለሁ» የሚል ማስፈራሪያ በሌሎች አገሮች በሰፊው የሚታወቅ ነው፤ ከተመረቁና ሥራ ከያዙ በኋላ ጭምር ይመጣል። ራሱ መጥቶ የሚናገር ተማሪ በቅጣቱ እንዲታሰብለት ደንቡ ቢፈቅድ ብዙዎች ከዚህ ወጥመድ ይወጣሉ፤ ሻጮቹንም ለማወቅ ሌላ መንገድ የለንም።

ሻጮቹን በተመለከተ

ኒውዚላንድ እ.ኤ.አ. በ2011፣ አየርላንድ በ2019፣ አውስትራሊያ በ2020፣ እንግሊዝ በ2022 ለተማሪ ሥራ ሠርቶ መሸጥንና ማስተዋወቅን በሕግ ከልክለዋል፤ የአውስትራሊያው እስከ ሁለት ዓመት እስራት ያስቀጣል። ሕጉ ያነጣጠረው ሻጩ ላይ እንጂ ተማሪው ላይ አይደለም፤ የተማሪው ጉዳይ ለተቋሙ ተትቷል። እንዲህ ያለ ሕግ ለእኛም እንደሚያስፈልግ አምናለሁ። እስከዚያው ግን ተቋሙ በእጁ ያለውን ያድርግ። በግቢው ውስጥና በአጥሩ ላይ የተለጠፉ ማስታወቂያዎች ይነሡ። በአካባቢው ያሉ ጽሕፈት ቤቶችን ኃላፊው ራሱ ሄዶ ያነጋግር፤ ብዙዎቹ ባለቤቶች ኑሯቸው ከተማሪው ጋር ስለሆነ ትየባና ጥረዛ ላይ ብቻ እንዲወሰኑ በሥርዓት ሲጠየቁ እሺ ይላሉ፤ ያለፉ ዓመታት ጽሑፎች ፋይል በኮምፒዩተራቸው ላይ እንዳይቀርም ቃል ያስገቡ። ተማሪዎችም ያስተየቡትን ፋይል ከጽሕፈት ቤቱ ኮምፒዩተር ላይ አስጠፍተው እንዲወጡ ይነገራቸው፤ የእነሱ ሥራ ነው በሚቀጥለው ዓመት የሚሸጠው።

በክፍያ የሚጽፍ መምህር ካለ ደግሞ ይህ ከተማሪው ጥፋት ይብሳል። ማንኛውም መምህር ከሚያማክረውና ከሚፈትነው ተማሪ፣ እንዲሁም ከሌላ ተቋም ተማሪ ለጽሑፍ ሥራ ገንዘብ እንደማይቀበል በየዓመቱ መጀመሪያ ይፈርም፤ ጥሶ ሲገኝም እንደ ከባድ የሥነ ምግባር ጥሰት ይታይ።

የትምህርት ክፍሉ ድርሻ

በ2015 ዓ.ም. የመውጫ ፈተና ለሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ሲጀመር፣ በቁጥጥር የሚሰጥ ፈተና ለዲግሪው ተአማኒነት እንደሚረዳ ታስቦ ነው። የመመረቂያ ጽሑፍን ግን በፈተና አዳራሽ መጠበቅ አይቻልም፤ የሚጠበቀው በአማካሪው ጊዜ ነው። የብሬታግ ጥናት ተማሪ ሥራውን እንዲያሠራ ከሚገፉት መካከል በመማር ማስተማሩ አለመርካትን ጠቅሷል፤ እዚህም የምንሰማው ቅሬታ ከዚህ አይርቅም። ስልክ የማያነሣ አማካሪ፣ ረቂቁን ለወር ይዞ «ጥሩ ነው፣ ቀጥል» ብሎ የሚመልስ አማካሪ፣ የጥናት ዘዴ ኮርሱን በስላይድ ብቻ ያስተማረ መምህር ተማሪውን በእጁ ይዞ ወደ ገበያው ያደርሰዋል።

ስለዚህ ኃላፊው የሚመድበው የተማሪ ቁጥር አንድ መምህር በየሁለት ሳምንቱ ሊያገኛቸው ከሚችለው በላይ እንዳይሆን ይቁጠር፤ ከበለጠ ደግሞ ሁሉም ተማሪ ጥናት መሥራቱ ቀርቶ ጥቂቱ በተግባር ፕሮጀክት ወይም በጽሑፍ ዳሰሳ እንዲመዘን ይወሰን። አማካሪ በየካቲት ተመድቦ ጽሑፉ በግንቦት የሚጠበቅበት አሠራር ይቁም፤ ምደባው በኅዳር ይጠናቀቅ። የሥራ ሰዓታቸው ከመምህሩ ሰዓት ጋር ለሚጋጭባቸው የቅዳሜና እሁድ ተማሪዎች አማካሪው የሚገኝበት የቅዳሜ ሰዓትና የቢሮ ቁጥር በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፤ በዚያ ሰዓት መገኘቱም እንደ ማንኛውም ክፍለ ጊዜ ተቆጥሮ ይከፈለው።